ስም የሌላቸው መስመሮች

እኔ ትዕግሥት የለኝም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሰው ስልክ ሲነካካ አጠገቡ ተቀምጬ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። ጣቱ ወደማይሆን ቦታ ሲሄድ እጄን እዘረጋለሁ፣ ስልኩን እነጥቃለሁ፣ «እንዲህ እኮ ነው!» እላለሁ። እናቴ በዚህ ጠባዬ የተነሳ ስልኳን ከእኔ ደብቃ መነካካት ከጀመረች ቆይታለች። እንጀራዬ ደግሞ ሰው የሚነካካውን ነገር መሥራት ነው። ኮምቦልቻ ተምሬ፣ አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ አሁን ከከሚሴ ወጣ ብላ ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ባለች ቀበሌያችን፣ በእናቴ ግቢ ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጬ ለአዲስ አበባ ሰዎች የስልክ አፕ እሠራለሁ። ኔትወርክ ሲኖር ማለቴ ነው።

ከዚህ ሥራ ውስጥ አብልጬ የምወደው ከገጽ ወደ ገጽ የሚኬድበትን መንገድ ማበጀት ነው። አንድ አፕ ብዙ ገጾች አሉት። አንዱን ሲነኩት ሌላው በላዩ ይደረባል፣ በእሱ ላይ ደግሞ ሌላ፤ ሰሐን በሰሐን ላይ እንደ መደርደር ነው። የመመለሻዋን ቀስት ሲነኳት የላይኛው ይነሳና ከሥሩ የነበረው ብቅ ይላል። ሲያዩት ቀላል ነው። ሰው ግን ሳይጨርስ ይመለሳል፣ ከመሃል ይወጣል፣ ስልክ ይደወልለትና ሁሉንም ትቶት ይሄዳል። ያን ጊዜ ከሥር ምን እንደተደረበ፣ ምን ሳይዘጋ እንደቀረ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። እኔም አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር።

ታላቅ እህቴ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ባል አግብታ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፋ ትኖራለች። ቀኑን ሙሉ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ ሕፃናት ታስከትባለች፣ ነፍሰ ጡር ትከታተላለች፣ የደም ግፊት ትለካለች። ለራሷ ማስታወሻ የምትጽፍበት ደብተር ነበራት። አንድ ክረምት ቦርከናን ስትሻገር ደብተሩ ከነቦርሳው ውሃ ገባና ቀለሙ ሁሉ ታጥቦ ሄደ። ቤት መጥታ አለቀሰች። እኔም «ይሄ ለእኔ ምን አላት!» ብዬ ተነሳሁና በሦስት ሳምንት ውስጥ ለስልኳ አፕ ሠራሁላት። ማንም አላዘዘኝም፤ በእሷና በእኔ መሃል የቀረ ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ገጽ የሴቶቹ ዝርዝር ነው። እያንዳንዷ ሴት አንድ መስመር አላት፣ ከስሟ ጎን ደግሞ ነጥብ። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ናት። ቢጫ ከሆነ ግፊቷ ትንሽ ከፍ ብሏልና በሁለት ቀን ውስጥ ቤቷ ድረስ ሄደሽ እንደገና ለኪ ማለት ነው። ቀይ ከሆነ ጊዜ ሳትሰጪ ሆስፒታል ውሰጂ። «አዲስ እናት» የሚለው ሲነካ የስም ገጽ ይከፈታል፣ ቀጥሎ የቤት ቁጥር፣ ቀጥሎ የወሩ፣ ቀጥሎ የግፊቱ ገጽ። የእህቴ ስልክ ባትሪው ስለማያስተማምን የስሙ ገጽ ገና ሲከፈት የሴትየዋ መስመር እንዲመዘገብ አድርጌ ነበር። እህቴ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የሰው ገመና ነው፣ ከዚህ ስልክ ውጭ የትም እንዳይሄድ።» እሺ አልኳት። የትም አልላክሁትም፣ ቅጂም አላስቀመጥኩለትም።

አንዲት ጉድለት እንዳለችበት አውቅ ነበር። «አዲስ እናት» ብሎ ገብቶ፣ ስም ሳይጽፍ በቀስቷ የተመለሰ ሰው ዝርዝሩ ላይ ባዶ መስመር ትቶ ይሄዳል። መስመሩ ቀድሞ ተመዝግቧላ። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለችውን «ኋላ አስተካክላታለሁ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እኔም አለፍኳት። ስም ሳይጻፍ «ቀጥል» እንዳይሠራ ግን አጥብቄ ዘግቼዋለሁ፤ ስም የሌለው መዝገብ ምን ዋጋ አለው ብዬ።

ባለፈው በጋ እህቴ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ኮምቦልቻ ተጠራች። ዓርብ ዕለት ስልኩን በእሷ ቦታ ለምትተካው ልጅ አስረክባ ሄደች። ተተኪዋ ከደሴ የመጣች፣ ገና ከተመረቀች ዓመት ያልሞላት፣ ጨዋ ልጅ ናት። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ክፍሌ ድረስ መጣች። ጫማዋን አውልቃ፣ በሩ አጠገብ ቆማ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣

«ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እነዚህ ባዶ መስመሮች ምንድን ናቸው?» አለችኝ። «ስም የላቸውም፣ ልነካቸውም ፈራሁ። ግራ ገብቶኝ ነው።»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። ዝርዝሩ መሃል መሃሉን ባዶ መስመር ገብቶበት ተቦዳድሷል። አፈርኩ። እንግዳ ሰው ነውሬን ያየብኝ መሰለኝና ፊቴ ጋለ። እህቴንም በሆዴ ረገምኳት፤ ስንት ጊዜ ገብታ ስንት ጊዜ ሳትጨርስ ብትመለስ ነው ይህን ሁሉ ባዶ የምትተወው? ከባዶዎቹ አንዱ ደግሞ ጎኑ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው። ሳቅሁ። ወላሂ ሳቅሁ! «እይ እስቲ፣ ባዶውም ግፊት ያዘው!» አልኳት ለልጅቷ። እሷም ሳቀች።

«ቁጭ በይ፣ አሁን ነው የማስተካክለው» አልኩ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ቀስቷን ስም ሳይጽፉ ሲነኳት መስመሩን አብራ እንድታጠፋ አደረግኋት። ቀጥዬ ስም የሌለውን መስመር ሁሉ ባንድ ትዕዛዝ ሰረዝኩት። አንዱንም ከፍቼ አላየሁም። ስንት እንደሆኑም አልቆጠርኩም። ዝርዝሩ ጠራ፣ አማረ። ልጅቷ አመስግናኝ፣ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች። እኔም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሰኞ ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት፣ ከኮምቦልቻ። እንደ ሌላው ጊዜ ሰላምታውን አላስረዘመችም። «አካም፣ ነጋያ» እንኳ አላለችም።

«አንች፣ እዚያ ስልክ ላይ ምን አርገሻል?»

«ምን አረግሁ?»

«ልጅቷ ጋ ደወልኩ። ያችን ቢጫ ለካሻት ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ ቢጫ የሚባል የለም አለችኝ። ስም የሌላቸውስ ብላት፣ እህትሽ አጸዳቻቸው አለችኝ። ምንድን ነው ያጸዳሽው?»

«ባዶዎቹን ነዋ! ስም ሳትጽፊ እየተመለስሽ የተውሻቸውን…»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» አልኩ።

«ባዶ አይደሉም» አለች ቀስ ብላ። «ሰዎች ናቸው።»

የምትለው ወዲያው አልገባኝም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ እርግዝና አይወራም። በተለይ ቀደም ሲል ፅንስ የወረዳት ሴት ሆዷ ራሱ እስኪናገር ድረስ ለእናቷ ወይም ለባሏ እናት ካልሆነ ትንፍሽ አትልም፤ የሰው ዓይን ይፈራል። ስሟ ከእርግዝናዋ ጋር አብሮ ከተጠራ ነገሩ የተበላሸ ያህል ነው፣ ከተጻፈ ደግሞ የባሰ። ይህን ነገር ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። እህቴም በደብተሯ ዘመን የእንዲህ ያሉትን ሴቶች የስም ቦታ ባዶ ትተወው ነበር። እኔ ግን አፑን ስሠራ ስም ካልጻፍሽ አታልፊም ብዬ በሩን ዘጋሁባት። እሷ ደግሞ እንዳልቆጣት ፈርታ አልነገረችኝም፤ ዝም ብላ ሌላ በር ፈለገች፣ አገኘችም። «አዲስ እናት» ትላለች፣ የስም ገጽ ሲከፈት በቀስቷ ትመለሳለች፣ ባዶ መስመር ይቀራል። ያን ባዶ መስመር ስትነካው አፑ የስሙ ገጽ ያለፈ ይመስለውና በቀጥታ የቤት ቁጥሩን ይከፍትላታል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ይሠራል፤ ወሩም፣ ግፊቱም፣ ነጥቡም። እኔ እንከን ያልኩት ለእሷ መንገድ ሆኗታል። ቤት ለቤት ስትዞር ሴቶቹን ስልኩን እያሳየች «ይኸው እይ፣ ስምሽ የለም» ትላቸው ነበር አሉ። ያመኗትም ለዚህ ነው።

«እታለም» አልኳት፣ «ያቺ ቢጫዋ ማን ናት?»

«ዓርብ ለክቻት ነበር፣ ከፍ ብሏል። ልጅቷ ቅዳሜ ወይም እሑድ እንደገና እንድትለካት የቤቱን ቁጥር ስልኩ ይነግራታል ብዬ ነው የሄድኩት። የት ነሽ አሁን?»

«ቤት።»

«ተነሽ። ሂጅና እያት።»

«ማንን ነው የማየው? ንገሪኝ እንጂ!» ጮኽኩባት። በዚያች ሰዓት እንኳ ጮኽኩባት።

«እሷን…» ብላ ጀምራ አቋረጠች። በኋላ ነው የገባኝ፤ ያን ስም ከእርግዝና ጋር አብራ ለእኔ ለመናገር ምላሷ አልታዘዝ ብሏት ነው።

«የወንድማችን ሚስት ናት» አለች።

የወንድሜ ሚስት እዚያው ግቢ ውስጥ ናት። በሯ ከበሬ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ አልፋ ውሃ ትቀዳለች፣ ትስቃለች፣ ትሰድበኛለች፣ እሰድባታለሁ። በዚያው ሰሞን «ወፈርሽ እኮ!» ብያት «የእናትሽ ቤት ቢስማማኝ ነዋ» ብላኝ ነበር። ሰፊ ጥቁር ጅልባቧን ለብሳ ስትወጣና ስትገባ ስምንት ወር ሙሉ አይቻታለሁ፤ ስምንት ወር ሙሉ አላየኋትም። ዓይኔ ስክሪን ላይ ነበር። ያን ቢጫ መስመር አንዴ በጣቴ ነክቼው ቢሆን ኖሮ የሚከፈትልኝ ገጽ የራሳችንን ቤት ቁጥር ያሳየኝ ነበር።

ግቢውን እንዴት እንዳቋረጥኩት አላውቅም። ጫማ አላደረግሁም። በሯን ገፍቼ ስገባ ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ አስራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እናቴ እግሯ ሥር ተቀምጣለች። ገና ሳየው ደነገጥኩ፤ እግሯ ተነፋፍቶ ቁርጭምጭሚቷ የለም።

«ማነው?» አለች ዞራ። በቀጥታ እያየችኝ ነው «ማነው?» ያለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ዓይኔ ብዥ ብሎብኝ ነው። ራሴን ነው ያመመኝ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። ይለቀኛል።»

«ለምን አልተናገርሽም? ለምን?»

«ሰው ይመጣል ብላኝ ነበር እህትሽ፣ ካስፈለገ ሰው ይመጣና ይለካሻል ብላኝ። የመጣ የለም። ስለዚህ ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ…»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ማወቄን ከፊቴ አነበበች። «ያ ረቢ! ማን ነገረሽ አንችን?» አለች። ከሕመሟ ይልቅ እኔ መስማቴ ነው መጀመሪያ ያስደነገጣት።

ባጃጅ ጠራሁ። ወንድሜ ባቲ ገበያ ወርዷል፣ ሰኞ አይደል፣ በሬ ሊሸጥ፤ ብደውል ብደውል ስልኩ አይነሳም። እኔና እናቴ ግራና ቀኝ ደግፈን አስገባናት። ከሚሴ እስክንደርስ ባጃጁ በየጉድጓዱ በዘለለ ቁጥር ራሷን በሁለት እጇ ይዛ «አላህ፣ አላህ» ትላለች። እኔ እጇን ይዣለሁ። እናቴ በመሃል፣ ማንንም ሳታይ፣

«ባለፈው ጊዜ አንች ነሽ ያወራሽው» አለች።

«ምኑን?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት። ሰርግ ቤት፣ ሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ‹የወንድሜ ሚስት እኮ ልትወልድ ነው› አልሽ። ማሻአላህ እንኳ አላልሽም። በሳምንቱ ወረዳት። ከዚያ ወዲህ ለአንች እንዳይነገር አልን። ሆድሽ አይችልም፣ ምን እናድርግ?»

ትዝ አለኝ። መናገሬ ትዝ አለኝ፤ በሳምንቱ መሆኑን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በዓይን የሚያምን አእምሮ የለኝም፣ የተማርኩ ነኝ እያልኩ የምመጻደቅ ሰው ነኝ። ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ ግን ትምህርቴ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

ሆስፒታሉ ደጅ ስንደርስ እጇ በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀጥሎ ክንዷ፣ ቀጥሎ መላ ሰውነቷ። ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ። እናቴ «ማል ታቴ? ማል ታቴ? ምን ሆነች?» እያለች በኦሮምኛም በአማርኛም ትጮኻለች። አልጋ መጣ፣ ወሰዷት። እኔ ባዶ እግሬን ሲሚንቶው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ወረቀቱን ይዞ እየተጣደፈ መጣ። «ግፊቷ ከመቼ ጀምሮ ነው የጨመረው? ባለፈው ሲለካ ስንት ነበር? ከዚያ በፊትስ? ክትትል ነበራት አይደል?»

እናቴ እኔን አየችኝ። ለእህቴ ደወልኩ፣ ከኮምቦልቻ ተነስታ መኪና ውስጥ ናት፣ እየመጣች ነው። «እንደው ከፍ ማለቱን ነው የማስታውሰው» አለችኝ። «ቁጥሩን ስልኩ ይዞልኛል ብዬ በራሴ አልያዝኩትም። አምስት ጊዜ ለክቻታለሁ፣ አምስቱም እዚያ ነው ያለው።»

«ስልኩ ላይ ነበር» አልኩት ለሐኪሙ።

«አምጪው ታዲያ።»

«የለም። አጥፍቼዋለሁ።»

ፊቴን ለአፍታ አየኝ። ወደ ውስጥ ተመልሶ ሄደ። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት!

ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ልጁ ተወለደ፣ ወንድ፣ ከጊዜው በፊት፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ የሚጮኽ። እሷም ተረፈች። አልሃምዱሊላህ። እህቴ አመሻሹ ላይ ደረሰች፣ ወንድሜ ከባቲ በመጨረሻው መኪና። ወንድሜ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ፤ ቶሎ ያመጣኋት እኔ ነኝ ብሎ አመሰገነኝ። እህቴ ትሰማለች፣ እናቴ ትሰማለች፣ ማንም አላረመውም። ያን ምስጋና እንዴት እንደተቀበልኩት አላህ ያውቃል።

ስትነቃ ዓይኗ አያይም ነበር። ሐኪሙ «ከግፊቱ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል» አለን። ብዙውን ጊዜ! ያቺ ቃል ሁለት ቀን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ስትጮህ ከረመች። ማክሰኞ አለፈ፣ አታይም። ረቡዕ ከሰዓት ሌሎቹ ለሶላት ሲወጡ እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን። ልጁ ክንዷ ላይ ነው። በጣቷ ፊቱን ትዳብሰዋለች።

«ማንን ይመስላል?» አለችኝ።

«ወንድሜን። አፍንጫው ያንችን ነው።»

«ጸጉር አለው?»

«ጥቁር፣ ብዙ። ቅንድቡ ግን ገና ነው።» እየነገርኳት እንባዬ ይወርዳል። ስለማታየኝ አልጠረግሁትም። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ባዶ መስመር የመሰለኝን፣ ቢጫውን አይቼ መሳቄን፣ አንዱንም ሳልከፍት ባንድ ትዕዛዝ ሁሉንም መሰረዜን። «ሰው ያልመጣልሽ በእኔ ነው» አልኳት። «ደህና ስለሆንሽ አልነበረም።»

ጣቷ ልጁ ፊት ላይ ቆመ። እንድትጮኽብኝ ጠበቅሁ፣ እንድትረግመኝም ተዘጋጀሁ።

«ሌሎቹስ?» አለች።

«የትኞቹ?»

«እኔ ያንች ቤት ሰው ስለሆንኩ ተገኘሁ። ሌሎቹስ? ስንት ነበሩ?»

ቀልቤ ተገፈፈ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ አንድም ጊዜ አላሰብኳቸውም። እኔም እህቴም እሷ ላይ ስናለቅስ የከረምነው እነዚያን ሁሉ እንደሌሉ ቆጥረን ነው። ስንት እንደነበሩ ደግሞ አላውቅም። አልቆጠርኩማ!

ከወንበሬ ተነስቼ ወጣሁ። እህቴን ከመስገጃው ላይ ስትነሳ አገኘኋት። «ሌሎቹ» አልኳት፤ ሌላ ቃል አላስፈለገም። ፊቷ አመድ መሰለ። እዚያው ቆማ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ስምንት ቆጠረች። ዘጠነኛውን ጣቷን ይዛ ቆመች።

«ከቦርከና ማዶ አንዲት ነበረች መሰለኝ» አለች።

«መሰለኝ ማለት ምን ማለት ነው?»

«መዝግቤያት ይሁን፣ ልመዘግባት አስቤ ይሁን፣ እንጃ። ስልኩ ይይዝልኛል ብዬ ትቼዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

ያን ቀን ከሰዓትና ሐሙስን ሙሉ ተጓዝን። ስምንቱን አገኘናቸው። አንዷ ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበርና እዚያው ወደ ከሚሴ ላክናት፤ ሰባቱ ደህና ናቸው። በየቤቱ እህቴ አረማመዷን ሳታፈጥን፣ ተቀምጣ፣ ስለ ከብቱ ስለ ማሽላው ጠይቃ፣ ውሃ ጠጥታ ነው ወደ ነገሩ የምትገባው። እኔ ውስጤ እየተንጨረጨረ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

ዓርብ ጠዋት ማዶ ተሻገርን። አምስት ቤት ነው ያለው። እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? «የደበቃችኋት እርጉዝ አለች?» አይባልም። እህቴ በየበሩ «ግፊት የምትለካ ሴት አለች ወይ?» ትላለች። አራቱ ቤት የለም አሉን። አምስተኛው ላይ በሩን ገርበብ አድርጋ አንዲት ወጣት ሴት ወጣች። ሰፊ ልብስ ለብሳለች። እጇን ከልብሷ ሥር አላወጣችም።

«አስ ሂንጅርቱ» አለች። እዚህ የለችም።

እኔ ልብሷን አየሁ፣ ፊቷን አየሁ፣ እግሯን ለማየት ሞከርኩ፤ ቀሚሷ እስከ መሬት ነው። ወፍራም ትሁን እርጉዝ ትሁን ልለይ አልቻልኩም። በገዛ ቤቴ ያልለየሁትን በሰው ቤት ከየት አመጣዋለሁ?

እህቴ አልተከራከረችም። «እሺ» አለቻት። «ምናልባት ከመጣች ግን ንገሪያት። ራሷን ከፈለጣት፣ ዓይኗ ብዥ ካለ፣ እግሯ ካበጠ፣ ማንንም ሳትጠብቅ ትምጣ። ስሟን አልጠይቃትም። የሚጻፍ ነገርም የለም በያት።»

ሴቲቱ ካንዳችን ወደ ሌላችን አየች። ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ ቆየ፣ እጄ ላይ ባለው ስልክ ላይ።

«እነግራታለሁ» አለችና በሩን ዘጋች።

ስንመለስ ወንዙ ዳር ላይ «እሷ ትሆን እንዴ?» አልኳት እህቴን። «እንጃ» አለች፣ ጫማዋን እያወለቀች። የወንድሜ ሚስት ዓይኗ በዚያው ሳምንት ተመለሰ፣ ልጁም ጡት ይዟል፣ ከእኔም ጋር እንደ በፊቱ እንሰዳደባለን። ከማዶ ግን እስከ ዛሬ ማንም አልመጣም።